በበሰለች ደጃፍ የተቀበረው

ያልሞተ ነገር ቀብራችሁ ታውቃላችሁ? አፈር አልብሳችሁ፣ አልቅሳችሁ፣ ከዚያ ዞር ብላችሁ «ሞተ» ያላችሁን ሰው ራሱን «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ብላችሁ አጽናንታችሁ ታውቃላችሁ?

አፊፋ ረሺድ ታውቃለች። በዚያ ቀብር ላይ አምስት ሰው ቆሞ ነበር። ከአምስቱ እውነቱን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰውም እሱ ነው።

ቀብሩ አንኮበር ነበር፣ ጉም ከቆላው ሽቅብ እየተሳበ ደጃፉን ሁሉ በሸፈነበት አንድ ረፋድ። ያለው የሚባለው የበሰለች ባል ከቤቱ ደፍ እልፍ ብሎ በዶማ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውሻ እንዳይደርስበት ጠለቅ አደረገው። በሰለች ጨቅላዋን አዝላ ቆማለች። ዶክተር ጃፈር አብዱልሀፊዝ ከመኪናው አፉ የታሸገ ነጭ ብልቃጥ አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ከአፊፋ ጎን ታናሽ እህቷ ሌይላ ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። ግራ ዓይኗ እንደ ወተት ነጭ ነው።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው የሌይላ የመጨረሻ ተስፋ ነበር። አሁን ሬሳ ነው ተባለ።

ነገሩ ከሥሩ ሲያዝ እንዲህ ነው። ሌይላ ዓይኗን ያጣችው በኖራ ነው። አልዩ አምባ፣ ለዒድ ግድግዳ ሊቀቡ ኖራ ሲበጠብጡ ውሃው ሲፈስበት ፈላ፣ ተፈናጠረ፣ የልጅቱን ግራ ዓይን መታ። የዓይኗ የፊት መስታወት ደፈረሰ፤ ቀስ በቀስም ነጭ ሽፋን ለበሰ። ያዩዋት ሐኪሞች ሁሉ አንድ ቃል ነው የተናገሩት፤ ሥሩ ተቃጥሏል፣ ከሌላ ሰው ወስደን ብንተክልላት እንኳ አይጸድቅም።

አፊፋ ደብረ ብርሃን ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ጃፈር ወደ እሷ ክፍል የመጣው ይህን «አይጸድቅም» የሚባል ቃል ሊሽር ነው። የዓይን ሐኪም ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ ተመልሶ አዲስ አበባ ካለ ላቦራቶሪ ጋር ይመራመራል። ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን ነው የሚያየው፤ ከሙያው ይሁን ከልማዱ እንጃ። አፊፋ መጀመሪያ የወደደችው ይህንን ነው። በብርዱ ምክንያት ሰው ሁሉ አንገቱን ቀብሮ በሚሄድበት ከተማ አንድ ሰው ቀና ብሎ አያት።

«ችግኝ ጣቢያ አስቢ፤» አላት አንድ ቀን በጣቱ መዳፉ ላይ እየሳለ። «በብሌናችን ጠርዝ ዙሪያ ግንደ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው መስታወቱን ማደስ ነው፤ አሮጌው ሲረግፍ አዲስ ያበቅላሉ። የእህትሽ ግራ ዓይን የነደደው ጠርዙ ነው። የቀኙ ግን ደህና ነው። ከዚያ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ወስደን ላቦራቶሪ ውስጥ እናፈላታለን። ስትሰፋ ወደ ግራው እናዛውራታለን። ዘሩ የራሷ ስለሆነ ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ አይጥለውም።»

«መደቡስ?» አለች አፊፋ። ችግኝ ያለ መደብ እንደማይፈላ የሚያውቅ አገር ልጅ ናት።

ጃፈር ሳቀ። «አንቺ ጋ ያመጣኝ እሱ ነዋ። ከመደብ ሁሉ የሚሻለው የእንግዴ ልጅ ስስ ሽፋን ነው። እናንተ ክፍል ደግሞ ልጅ የማይወለድበት ቀን የለም።»

እዚህ ላይ ነው መንገዱ የጠበበው። ሰው አገሩን ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» የሚለው ለወግ አይደለም። እትብቱም እንግዴ ልጁም የሚቀበሩት በገዛ ደጁ ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር አይቀላቀልም፣ ለባዳ አይሰጥም። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ውጭ አገር ለተማረው ለጃፈር ግን ማስረዳት ያስፈልግ ነበር፤ ያስረዱትም እናቶቹ ናቸው።

«ልጄ አድጎ አገርህ የት ነው ሲሉት አዲስ አበባ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊል ነው?» አለችው በሰለች በቀዶ ሕክምና ወልዳ ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ማንም ግን እሺ አላለም።

እሺ ያሰኘቻቸው አፊፋ ናት። አባቷ ረሺድ ሸማኔ ነው። ከጥለት የተረፈ ባለቀለም ክር ከቤት አመጣችና ለእያንዳንዷ እናት የየራሷን ቀለም ለየች። የሚወሰደው ስስ ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ወዲያው ለቤተሰብ ይሰጥና ይቀበራል። ክሩ ሽፋኑ ከገባበት ብልቃጥ አንገት ላይ ይታሰራል፤ ላቦራቶሪ ሲደርስ ከሽፋኑ ጋር አብሮ ወደ ሳህኑ ይዛወራል፤ ሥራው ሲያልቅም የተረፈው በዚያው ክር ታስሮ ወደ ባለቤቱ ደጅ ይመለሳል። ጃፈር በእናቶቹ ፊት «ወላሂ፣ ክሩ ከሽፋኑ አይለይም» ብሎ ማለ። እናቶቹም «ሲስተር አፊፋ ካለች» ብለው ሰጡ። ልብ በሉ፣ ዶክተሩ ካለ አላሉም።

የበሰለች ሽፋን ለሌይላ ተመረጠ። ለዚያኛው ብልቃጥ ክሩን ልፍተል ብላ የተከራከረችው ሌይላ ራሷ ናት። በአንድ ዓይኗ ተጎንብሳ ፈተለች፤ አረንጓዴው መሐል ላይ አለቀባትና ብርቱካናማ ቀጠለችበት፤ መጋጠሚያው ላይ እንደ ኪንታሮት ያበጠ ቋጠሮ ወጣ። አባቷ ረሺድ አገላብጦ አየውና «ይኼ ክር አይደለም፣ ጭቅጭቅ ነው» አላት።

«ዋናው ማሰሩ ነው፣ አባ። ለሙሽራ አልሸጠው፤» አለች።

አፊፋና ጃፈር የተዋደዱት በዚያ ሰሞን ነው። እሱ ብልቃጥ ይዞ ከማዋለጃው ክፍል በር ላይ ሲቆም፣ እሷ ጓንቷን ሳታወልቅ በመስታወቱ ስታየው። ክር ማሰር ያስተማረችው እሷ ናት፤ ሐኪም ሆኖ ቋጠሮው ይፈታበት ነበር፤ ወይም እንዲፈታ ይፈልግ ነበር። በመካከላቸው የቆመው ግን ከክር የከበደ ነው። የጃፈር አባት በደብረ ብርሃን የታወቁ የብርድ ልብስ አከፋፋይ ናቸው፤ ፎቃቸው ከዋናው መንገድ ይታያል። የአፊፋ አባት በእጁ፣ ያውም እግሩን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ሠርቶ የሚያድር ሸማኔ ነው። «እናቴ አስቸግራኛለች፤» ይላት ነበር ጃፈር። «የሸማኔ ልጅ ትላለች። ጊዜ ስጪኝ።» አፊፋም ሰጠችው። ያላትን ሁሉ ስትሰጠው ጊዜ ምን ብርቅ ነው?

ከዚያ ሌይላ ደህና ዓይኗን ለቢላ ሰጠች። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። አንድ የቀራት ዓይን ነው። ጃፈር ራሱ ነው የቆረጠላት፤ «አንዴ ብቻ ነው የሚቻለው፣ ሁለተኛ ከነካነው ያለውንም ልታጣ ትችላለች» ብሎ አስጠንቅቋል። ሌይላ አልጋው ላይ ተጋድማ «አደራ ዶክተር፣ ዓይኔን ቆርሰህ ለራስህ እንዳታስቀር» ብላ ቀለደችበት።

ወር ሳይሞላ ደወለ። አልያዘም፣ ሞተ አለ።

እና አሁን አንኮበር፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል።

«ክሩስ፣ ዶክተር?» አለች በሰለች ብልቃጡን አይታ።

«በላቦራቶሪው ደንብ ይቃጠላል፤» አለ ጃፈር። መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

«ክሩ ይመለሳል አላሉንም ነበር? እንዴት አድርጌ ነው የኔ መሆኑን የማውቀው?»

«በስዬ፣ ተይው፤» አለች አፊፋ ክንዷን ይዛ። «አታይውም እንዴት እንደሆነ? ልቡ ተሰብሯል።»

የበሰለች ባል ብልቃጡን ከፍቶ ውስጡ ያለውን አፈሰሰና አፈሩን መለሰበት። ሌይላ መነጽሯን አወረደችና «በቃ፣ ዓይኔ አንኮበር ተቀበረ። እንግዲህ የአንኮበር መታወቂያ ይሰጡኛል» አለች። ማንም አልሳቀም። ጃፈር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። አፊፋ እዚያው ሰው ፊት ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው።

«ያንተ ጥፋት አይደለም፤» አለችው። «አንተ ሞከርክ። ማን ሞከረልን ከአንተ ሌላ?»

በዚያች ሰዓት ከእህቷ ዓይን ይልቅ የእሱ እንባ አሳዘናት። ይህን ለራሷ ይቅር ለማለት ገና ብዙ ጊዜ ይፈጅባታል።

*

ከዚያ በኋላ ጃፈር ራቀ። ሲደወልለት «ስብሰባ ላይ ነኝ»፣ መልእክት ሲላክለት አንድ ቃል። ደብረ ብርሃን ሲመጣ አፊፋን ይዟት ይወጣል፤ ግን ዓይኗን ማየት ትቷል፤ ስታወራው መስኮቱን፣ ሜኑውን፣ የእጅ ሰዓቱን ነው የሚያየው። አፊፋ ምክንያቱን ያገኘች መሰላት። እናቱ ናቸው። ፎቅ ያሰሩ ሰዎች ልጃቸውን ለሸማኔ ጎጆ አይሰጡም፤ እሱም በእናቱና በእሷ መካከል ሆኖ እየተቀደደ ነው አለች።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ በእጇ ደብዳቤ ጻፈችለት። ስልክ ላይ የሚጻፍ አልመስል ብሏት ነበር። «በእኔ የተነሳ ከእናትህ እንድትጣላ አልፈልግም፤» አለችው። «እናት ያልመረቀችው ጎጆ ይፈርሳል። ልቀቂኝ ብትለኝ እለቅሃለሁ፤ ቂም አልይዝም።» ሦስት ጊዜ አንብባ አጠፈችው።

መልሱ አጭር ነበር። «አፊፋዬ፣ አንቺ ከእኔ የምትበልጪ ሰው ነሽ። አንድ ቀን ሁሉንም ስትረጂ ይቅር እንደምትይኝ አምናለሁ። የጥናቱ ውጤት ይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ወረቀቱን ሳመችው። ስለ እናቱ የሚናገር መስሏት ሳመችው።

*

የጥናቱ ውጤት የሚቀርበው ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ጥናቱን የረዱ እናቶች ተጠርተዋል፤ ከውጭ አገር የመጡ ተባባሪዎችም አሉ። አፊፋ ሌይላን ከአልዩ አምባ አስመጥታለች። ሌይላ ከሚኒባሱ ስትወርድ በብርዱ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነበር።

«የአንቺ ሰውዬ ለእንግዳው ብርድ ልብስ አያድልም? አባቱ የሚነግዱት እሱን አይደል?»

«ዝም ብለሽ ግቢ።»

«ልግባ እንጂ። አማቾችሽን አሳዪኝ።»

አማቷ እዚያው በር ላይ ነበሩ። ሐጃ ፈሂማ፣ የጃፈር እናት፤ ወፍራም፣ ጥርት ያሉ ሴት፤ በትከሻቸው ላይ ሰፊ ጥለት ያለው ነጠላ ጣል አድርገዋል። አፊፋ በፎቶ ታውቃቸዋለች። ልትሸሽ አሰበች፤ ከዚያ አፈረችና ቀርባ ጎንበስ አለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጃ።»

«ወአለይኩም ሰላም። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የአልዩ አምባው የረሺድ። አፊፋ እባላለሁ።»

ሐጃ ፈሂማ ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት። አፊፋ የሚመጣውን ስድብ ልትቀበል ትንፋሿን ያዘች።

«እንዲህ ቆንጆ ሆነሽ ነው የምትሸሺኝ? ምን በድዬሽ ነው?»

«እኔ?»

«መጀመሪያ እኔም አንገራግሬ ነበር፤ ልጄን ሽማግሌ ላክ ካልኩት ግን ከረመዳን በፊት ነው። አባቷ እምቢ ብለዋል፣ ቤተሰቧ ይኮራል እያለ ስንት ወር አቆየኝ። እኔ ደግሞ ለባሌ፣ የአንድ ሸማኔ ኩራት ይኼን ያህል ነው ወይ እያልኩ ሳማችሁ ከረምኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ይኼን ነጠላ እንኳ የገዛሁት የአባትሽ እጅ ነው ቢሉኝ ነው።»

አፊፋ ጥለቱን አየችው። የአባቷ እጅ ነው፤ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

«ሐጃ፣ አባቴ ሽማግሌ መጥቶበት አያውቅም፤» አለች በቀስታ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አንዷ በሌላዋ ስም ስትታለል መኖሯን ነው ሁለቱም የተረዱት፤ ዋሾው ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም። ሐጃ ፈሂማ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ከውስጥ ስብሰባው ተጀመረ የሚል ድምፅ መጣ። አፊፋ ገብታ ተቀመጠች። እንቅፋቱ እናቱ ካልሆኑ፣ እንቅፋቱ ምንድን ነው?

መልሱ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቃት።

ጃፈር መድረክ ላይ ወጣ። ያምራል። ድምፁ ደግሞ ያሳምናል። የታከመው የእንስሳ ዓይን፣ ወደፊት የሚታከመው ሰው፣ በኖራ፣ በአሲድ፣ በእሳት ዓይናቸውን ያጡ ወገኖች። አፊፋ አንዱንም ቃል አልጠላችውም፤ ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ የመስታወት ሳህን መጣ፤ መሐሉ ላይ ስስ፣ ጥርት ያለ ሽፋን ተዘርግቷል።

«ይህ በሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤» አለ። «ከአንድ ሰው ዓይን የተወሰደው ዘር መደቡን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ሕያው ነው፤ ለመዛወርም ዝግጁ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያ ሙከራችን ነው።»

ጭብጨባ ሆነ። አፊፋም ልምድ ሆኖባት አጨበጨበች።

«ክዳኑ ላይ ያለውን ክር አያችሁት?» ጃፈር ፈገግ አለ። «ይህ የእናቶቻችን አደራ ምልክት ነው። ሳይንስ ባህልን አክብሮ ሲራመድ እንዲህ ያምራል።»

አያችሁት? ኮርቶበታል። የእናቶቹን ክር እንደ ጌጥ ነው ያቀረበው። የላቦራቶሪው ሠራተኞች ክሩን ከሽፋኑ ሳይለዩ በታማኝነት ጠብቀውታል፤ ያን ቃል ያልጠበቀው የማለው ሰው ብቻ ነው። ለእሱ ክር ሁሉ ክር ነው። በግማሹ አረንጓዴ፣ በግማሹ ብርቱካናማ መሆኑን፣ መሐሉ ላይም ያበጠ ቋጠሮ እንዳለው አስተውሎ አያውቅም።

ሌይላ አንገቷን አስግጋ ነበር። «አፊፋ፣ ያ የኔ ክር ነው።»

«ዝም በይ። ክር ይመሳሰላል።»

«እንደዚያ የሚያስቀይም ቋጠሮ በሰሜን ሸዋ ሁለተኛ የለም። የኔ ነው።»

ከኋላ በሰለች ልጇን ጭኗ ላይ አስደግፋ ወደ ፊት አጎነበሰች። «ሲስተር፣ ተቃጠለ አላሉንም?»

አፊፋ እጆቿን አየች። አሁንም ለማጨብጨብ እንደተከፈቱ ነበሩ።

*

ጃፈር ለሻይ ዕረፍት ሲወጣ አፊፋ ኮሪደሩ ላይ ያዘችው። ሌይላ ከጎኗ ናት።

«የማን ክር ነው?»

«አፊፋ፣ አሁን አይሆንም። እንግዶች አሉ።»

«የማን ክር ነው አልኩህ።»

ጫማዋን አየ። «የሌይላ ነው።»

«ሞተ ብለኸን ነበር።»

«አልሞተም። አደገ። ከጠበቅነው በላይ አደገ።» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ስሚኝ። ሰው ዓይን ላይ ለመትከል ፈቃድ አልነበረንም። ፈቃዱ ይመጣል ብዬ ነበር፣ ዘገየ። ሕዋሱ ደግሞ አይጠብቅም። ያለ ፈቃድ ብተክልላትና ቢበላሽ ጥናቱ በሙሉ ይዘጋ ነበር። ያለኝ አንድ መንገድ ቆራርጦ መርምሮ ማስረጃ ማድረግ ነው። በዚያ ማስረጃ ነው እነዚህ ሰዎች ላቦራቶሪ እዚሁ ሊያቆሙልን የመጡት። ስንት ሰው እንደሚያይ አስቢ። ስንት ሰው።»

«እህቴን ጠይቀሃታል?»

«እምቢ ትላለች ብዬ ፈራሁ።»

«እሺ ብትልስ?»

ሌይላ ጥቁር መነጽሯን አወለቀች፤ ነጩንም ደህናውንም ዓይን ፊቱ ላይ ተከለችው።

«እሺ እል ነበር እኮ፣ ዶክተር፤» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅዋ ቀልድ የለም። «አንድ ሁለት ቀን አለቅሳለሁ። እሰድብሃለሁ። አባቴ ይቆጣል። ከዚያ እሺ እላለሁ፤ የኔ ባይሆን የሌላዋ ይብራ እላለሁ። ሰጪ ልታደርገኝ ስትችል የተሰረቀባት አደረግኸኝ።»

ሳይንሱን አትንኩ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ታውቃላችሁ ራሳችሁን። ማን ነካው? ዘሩ በቅሏል፣ መደቡ ይዞታል፤ ሁለት ምስኪን ሴቶች ከአካላቸው የሰጡት ነገር እውነት መሆኑን አስመስክሯል። የከዳው ሳይንሱ አይደለም። አንድ ሰው ጥያቄ መጠየቅ ከብዶት መዋሸት ቀለለው፤ ነገሩ ይኸው ነው። ድሃ አይገባውም፣ ገጠሬ እምቢ ይላል፣ ስለዚህ ሞተ በሏቸውና ይቅበሩ። የተማረ ሰው ንቀት ሁልጊዜ አዛኝ መስሎ ነው የሚመጣው።

«እናትህ ሽማግሌ ላክ ብለውህ ነበር፤» አለች አፊፋ። «አባቴ እምቢ አለ ብለህ ነገርካቸው።»

«ያንን ውሸት ተሸክሜ እቤታችሁ መግባት አቃተኝ። አባትሽ ራሱ እጄን አስታጥቦኝ፣ ሌይላ ከጎኔ ተቀምጣ... አልቻልኩም።»

«እናም ሌላ ውሸት ደረብክበት።»

«እወድሻለሁ።» ቀና አለ፤ ከዚያች ከአንኮበር ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «ይሄ ብቻ ውሸት አልነበረም። እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ፤ እናቴ ራሷ ትመጣለች። ሌይላን ውጭ ወስጄ አሳክማታለሁ። ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ። ይሄ ስብሰባ ይለፍ።»

ከአንገቱ በላይ ያለውን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ሲጨንቀው ቅንድቡ መሐል የምትወጣውን ሽብሽብ፣ መላጨት የረሳትን የአገጩን ጥግ። እጇ ሊዳስሰው ተነሳ። አዎ፣ ተነሳ፤ ልብ እንዲህ ያለች ከብት ናት፣ ወደ መታትም ሰው ደጅ ትመለሳለች። ግማሽ መንገድ ላይ አስቆመችው።

«ብልቃጡ ውስጥ ምን ነበር?»

«የቱ ብልቃጥ?»

«አንኮበር የቀበርነው።»

ጃፈር እንደገና ጫማዋን አየ። አንድ ሰው ጠርቶት ወደ አዳራሹ ገባ። አፊፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ደብረ ብርሃን እንደዚያ ቀን በርዷት አያውቅም።

«እንሂድ?» አለች ሌይላ። «ወይስ እሑድ ድረስ ዝም እንበልና ሙሽራ ሁኚ? እኔ አላስቀይምሽም። ወላሂ። ሚዜ ሆኜ በግራ በኩል እቆማለሁ፣ ነጩ ዓይኔ ፎቶ ላይ እንዳይታይ።»

አፊፋ እህቷን አየቻት። ከዚያ በአዳራሹ በር በኩል በሰለችን አየች፤ ልጇን እያጠባች፣ ስክሪኑ ላይ አሁንም ያልጠፋውን ክር አፍጥጣ እያየች። «ሲስተር አፊፋ ካለች» ብላ የሰጠች ሴት። እስከ እሑድ ዝም የሚባል ከሆነ የሚሸጠው የአፊፋ ቃል ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ ለየትኛዋ እናት ነው አልጋዋ አጠገብ ቆማ «እመኚኝ» የምትለው? መድኃኒቱ ነገ በእውነት ቢመጣስ፣ ማን ነው ደጁን የሚከፍትለት?

«አንገባም እንዴ?» አለቻት። «ጥያቄ አለኝ።»

*

የመድረኩ መሪ አቶ ወልደኪዳን የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ እጅ ያወጡት ሁሉ ከፊት ወንበር ነበሩ። አፊፋ ከኋላ ተነሳች። ማይክራፎኑ እጅ ለእጅ እየተቀባበለ ደረሳት። ጃፈር ከመድረኩ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ ልመና ነው። ሐጃ ፈሂማ ዞረው እያዩዋት ነው።

ድምጿ ይንቀጠቀጣል ብላ ፈርታ ነበር። አልተንቀጠቀጠም።

«አፊፋ ረሺድ እባላለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። እነዚህን ክሮች ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እናቶቹም የሰጡት በእኔ ቃል ነው። ይህ ጥናት ይቁም አልልም። ነገ ጠዋት ቢጠይቁኝ ነገም አስራለሁ፤ እህቴ ባታይበት የሌላ ሰው እህት ታይበታለች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ስክሪኑ ላይ ያለው ሳህን ክር የፈተለችው እህቴ ሌይላ ናት። ዘሩ ከእሷ ደህና ዓይን ነው የተቆረጠው፤ ሁለተኛ ሊቆረጥ አይችልም። መደቡ የበሰለች ነው። ለሁለቱም ሞተ ተብሎ ተነገራቸው።»

አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ አስተርጉምልኝ አለው።

በሰለች ሳትጠራ ተነሳች፤ ልጇ ደረቷ ላይ ተኝቷል። «እኔ ሳይንስ አላውቅም፤» አለች ያለ ማይክራፎን። «ግን ልጄ ደጃፍ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ነገር ተቀብሯል። በየቀኑ እረግጠዋለሁ።»

«እኅቶቼ፣ ይህን ከስብሰባው በኋላ በቢሮ ልናየው እንችላለን፤» አሉ አቶ ወልደኪዳን።

«አንችልም፣ አባቴ፤» አለች አፊፋ። «የተዋሸነው በቢሮ አይደለም። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሰው ቆሞ፣ ተለቅሶ ነው።»

በወንበሮቹ መካከል ወደ መድረኩ ሄደች። ክሩ ከጃፈር ጀርባ ስክሪኑ ላይ ቤት የሚያህል ሆኖ በርቷል። ማይክራፎኑን ዘረጋችለት። ባወቀችው ዘመን ሁሉ አንተ ስትለው የኖረችውን ሰው አሁን እርስዎ አለችው፤ ድምጿ ያን ጊዜ ብቻ ተሰበረ።

«ዶክተር ጃፈር፣ ሽማግሌዎን ይተዉት። ለእኔ በጆሮዬ የሚነግሩኝን ነገርም ይተዉት። ሌይላ እዚያ ተቀምጣለች፣ በሰለችም ቆማለች፣ እናትዎም ይሰማሉ። ጫማችንን ሳይሆን ዓይናችንን እያዩ ይመልሱ፤ በበሰለች ደጃፍ ያስቀበሩን ምንድን ነው?»